ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራ እንዳይቆም፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ፍላሽና የጋራ ኮምፒዩተር

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። የኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፌን ማስረከብ አለብኝ፤ ጥያቄዬ ግን ስለ ጽሑፉ ይዘት ሳይሆን ጽሑፉን ስለምሠራባቸው ኮምፒዩተሮችና ስለ ኢንተርኔቱ ነው። ትምህርታችን ከሞላ ጎደል በእነዚህ ላይ ያረፈ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደምንገለገልባቸው በወጉ ያስተማረን ሰው የለም፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከጓደኛው ያየውን ይዞ ይቀጥላል።

የዘወትር አሠራሬ ይህን ይመስላል። ቀን ቀን በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ስለማገኝ ጽሑፎችን የምፈልገውና የማወርደው እዚያ ነው፤ ማታ ደግሞ በራሴ ላፕቶፕ እጽፋለሁ። ላፕቶፑ 4 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ሥራዎችን ለጊዜው የሚይዝ ሜሞሪ) ያለው አሮጌ ማሽን ሲሆን፣ ብራውዘሩ ላይ ብዙ ገጽ ከፍቼ ዎርድን ስጨምርበት የማውሱ ቀስት ባለበት ይደርቃል፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ የተየብኩት ፊደልም ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው። በሁለቱ ኮምፒዩተሮች መካከል ሥራዬን የማመላልሰው በፍላሽ ነው። በቅርቡ ፍላሹን ከኮምፒዩተር ክፍሉ አምጥቼ ስከፍተው ፎልደሮቼ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው አገኘኋቸው፤ እስካሁን አንዱንም አልተጫንኩትም።

ሌላው ችግር የማስረከቢያ ገጹ ነው። አሳይመንት ስንልክ ፋይሉ ግማሽ ላይ ይደርስና ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ ተመልሰን ስንገባ ገጹ የይለፍ ቃል እንደገና ይጠይቅና ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ሰው ሁሉ በመጨረሻው ሰዓት በአንድ ላይ ስለሚገባ የመመረቂያ ጽሑፉ ማስረከቢያ ቀን ከወዲሁ ያሳስበኛል።

እንግዲህ በፍላሹ ላይ የነበሩትን ሥራዎች ማዳን ይቻላል? ላፕቶፑን ሳልቀይር ፍጥነቱን የማሻሽልበት መንገድ አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት ሰዓት ሥራዬ እንዳይቆም ነገሩን ከመሠረቱ እንዴት ባደራጀው ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ በጣም አመሰግናለሁ።


መልስ፦ የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያ

ሾርትከቶቹን አለመጫንዎ በጣም ጠቅሞዎታል፤ ፋይሎቹም አብዛኛውን ጊዜ አይጠፉም። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ የሚያደርገው እውነተኛዎቹን ፎልደሮች «የተደበቀ» እና «የሲስተም ፋይል» የሚል ምልክት ሰጥቶ ከዓይን መሰወር፣ ከዚያም በየስማቸው ሾርትከት መፍጠር ነው። ሾርትከቱ ሲጫን በመጀመሪያ ቫይረሱን ያስነሣና ወዲያው እውነተኛውን ፎልደር ይከፍታል፤ ተጠቃሚው ሥራው እንደተለመደው የሄደለት ስለሚመስለው ምንም ሳይጠረጥር ፍላሹን ወደ ቀጣዩ ኮምፒዩተር ይዞ ይሄዳል። ብዙ ሰው በሚፈራረቅባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ በቀላሉ የሚዛመተውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ማድረግ ያለብዎት አንቲቫይረሱ በቅርቡ በታደሰ ኮምፒዩተር ላይ ፍላሹን ሰክተው ምንም ሳይከፍቱ በቅድሚያ ማስፈተሽ ነው። ከዚያ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» በሚለው ምርጫ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ጭምር ማንሣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ተማሪዎች ፋይሌ ጠፋ ብለው ተስፋ የሚቆርጡት ይህችን ሁለተኛዋን ምልክት ሳያነሡ ስለሚቀሩ ነው። ሁለቱም ሲደረጉ እውነተኛዎቹ ፎልደሮች ትንሽ ደብዘዝ ያለ መልክ ይዘው ብቅ ይላሉ። ከውስጣቸው የዎርድ፣ የፒዲኤፍና የፎቶ ፋይሎችን ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ይቅዱ፤ ሾርትከትም ሆነ ምንነቱን የማያውቁትን ፕሮግራም አብረው አይውሰዱ። ሥራዎቹ በትክክል መከፈታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።

ስለ ፍላሽ ከተነሣ አይቀር በየዕለቱ የማየውን አንድ ነገር ልናገር። ተማሪው ፍላሹን ይሰካና ሰነዱን በቀጥታ ከፍላሹ ላይ ከፍቶ ሰዓታት ይጽፍበታል። ዎርድ አንድን ፋይል ሴቭ ሲያደርግ በዚያው ፎልደር ውስጥ ጊዜያዊ ፋይል ይጽፍና አሮጌውን በእሱ ይተካዋል፤ በዚያች ቅጽበት ፍላሹ ቢላቀቅ ወይም መብራት ቢጠፋ ሰነዱ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ኮምፒዩተሩ ቀድተው ይሥሩ፤ ሲጨርሱ መልሰው ወደ ፍላሹ ይቅዱት፤ ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊት «ኢጀክት» ይበሉት፤ ኮምፒዩተሩ የጋራ ከሆነም እዚያ የቀረውን ቅጂ ያጥፉ። ፍላሽ ማመላለሻ እንጂ ብቸኛ ማስቀመጫ አይደለም፤ የሚሠራበት ቺፕ በጽሕፈት ብዛት የሚያረጅ በመሆኑ አንድ ቀን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ አልከፈትም ሊል ይችላል።

የጋራ ኮምፒዩተር ላይ ኢሜይልዎን ሲከፍቱ ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ቢጠይቅዎ እምቢ ይበሉት። «ኢንኮግኒቶ» የሚባለው መስኮት ሲዘጋ የጎበኟቸውን ገጾች ታሪክ ያጠፋል፤ ነገር ግን ያወረዱት ፋይል እዚያው ይቀራል፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ክፍልም የትኞቹን ድረ ገጾች እንደጎበኙ ማየት ይችላል፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የተተየበውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ተጭኖ ከሆነም መስኮቱ ምንም አይከላከልም። በዚህ ምክንያት በአካውንትዎ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ እንዲያበሩ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የይለፍ ቃልዎን ሌላ ሰው ቢያገኘው እንኳ በስልክዎ የሚመጣው ኮድ ከሌለው በቀላሉ መግባት አይችልም።


መልስ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

የላፕቶፑን ነገር እኔ ልሞክር፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ያለሁት ተመሳሳይ አቅም ባለው ማሽን ነው።

የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ መብራቱ ችግሩ የት እንዳለ ይናገራል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ለጊዜው ያልተፈለገውን መረጃ ከራሙ አውጥቶ ዲስኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ያንን ገጽ መልሰው ሲከፍቱ ደግሞ ከዲስኩ ያመጣዋል። ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ ይህ ምልልስ እጅግ አዝጋሚ ነው። በላፕቶፖች ላይ በብዛት የነበረው በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ብቻ ለመጨረስ ከ11 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ግን መረጃውን ከአንድ ሚሊሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ያቀርባል። ስለዚህ በእጅዎ ያለውን ትንሽ ገንዘብ ማዋል ካለብዎት አንቲቫይረስ ከመግዛትም ሆነ «ኮምፒዩተር አፍጣኝ» እየተባሉ የሚሸጡ ፕሮግራሞችን ከመሞከር ይልቅ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይሩት። በአብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖች ላይ ያለ ችግር ይገጥማል፤ እንደ እኔ ግምት ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም።

ገንዘቡ ለጊዜው ከሌለ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን በአንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ሜሞሪውን የሚበላው ማን እንደሆነ በግልጽ ያሳይዎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚቀመጠው ብራውዘሩ ነው። ገጾችን «በኋላ አነባቸዋለሁ» ብሎ ክፍት መተው ራምን ከመብላቱም በላይ ኔትወርክ ሲጠፋና ኮምፒዩተሩ እንደገና ሲነሣ ገጾቹ ባዶ ሆነው ይጠብቃሉ። የሚፈልጉትን ጽሑፍ እንዳገኙ ወዲያው በፒዲኤፍ ያውርዱት፣ የድረ ገጽ ጽሑፍ ከሆነም በፕሪንት ትእዛዝ በኩል ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩትና ገጹን ይዝጉት። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ማንበብ አያስፈልግም፤ ያ ሰዓት የመፈለጊያና የማውረጃ ሰዓት ነው። ማንበቡና መጻፉ ኔትወርክ በሌለበት ይከናወናል። የጠየቁት «ከመሠረቱ ማደራጀት» ለእኔ ይኸው ነው፤ ኢንተርኔት የሚጠይቀውን ሥራ ከማይጠይቀው መለየት።

ወደ ማስረከቢያ ገጹ ስመጣ፣ አንድ ፋይል ስናወርድ ቢቋረጥ ብዙ ጊዜ ካቆመበት መቀጠል ይቻላል፤ በተራ የማስረከቢያ ቅጽ ስንልክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካቆመበት አይቀጥልም፣ ከዜሮ ይጀምራል። መላኪያው ደግሞ በብዙ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ላይ ከማውረጃው ያነሰ ፍጥነት አለው። ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት፣ የፋይል መጠን ግን በሜጋባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። እንግዲህ 30 ሜጋባይት የሆነ ሰነድ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ ሁሉ ነገር ቢሳካ እንኳ 4 ደቂቃ ይወስዳል፤ ያንኑ ሰነድ ወደ 3 ሜጋባይት ካወረዱት በ24 ሰከንድ ያልቃል። በ4 ደቂቃ ውስጥ ኔትወርክ ሊቋረጥ የሚችልበት ዕድል ከ24 ሰከንዱ ጋር አይወዳደርም። የተማሪን ሰነድ የሚያከብደው ጽሑፉ አይደለም፤ በስልክ ተነሥተው እንዳሉ የተለጠፉ ፎቶዎች ናቸው። ዎርድ ላይ ፎቶውን መርጠው «ኮምፕረስ ፒክቸርስ» የሚለውን ቢጠቀሙና ጥራቱን 150 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ቢያደርጉት ለተለመደ ንባብ ይበቃል።

ፋይሎቹን ደግሞ ጉግል ድራይቭ በሚባለው የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ያድርጓቸው። 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ ምንም እንኳ ይህ መጠን ከኢሜይሉና ከፎቶዎቹ ጋር የጋራ ቢሆንም ለመመረቂያ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው። ያኔ ፍላሽም አያስፈልግዎትም።


መልስ፦ የኮምፒዩተር ክፍል ባለሙያ

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ከላይ ከጻፉት ወንድማችን ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ድራይቭ ላይ ማስቀመጡ ጥሩ ነው፤ ፍላሽ አያስፈልግም የሚለው ግን አደገኛ ምክር ነው። ላፕቶፑና ድራይቩ ተመሳስለው እንዲሄዱ ከተደረገ ላፕቶፑ ላይ የተሰረዘ ፋይል ድራይቩም ላይ ይሰረዛል፤ በስሕተት ተበላሽቶ ሴቭ የተደረገም እንደዚያው ተበላሽቶ ይተላለፋል። የተሰረዘው ፋይል በቅርጫቱ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። አካውንቱ ቢዘጋ ወይም የይለፍ ቃሉ ቢረሳስ? ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ሦስት ቅጂ መያዝ ያስፈልጋል፦ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ከሚኖሩበት ቤት ውጭ፣ ለምሳሌ ድራይቭ ላይ። ወደ ፍላሹ የሚቀዳው ቅጂ በየጊዜው አዲስ ስም ይኑረው እንጂ በአሮጌው ላይ አይጻፍበት።

ስለ ስም ካነሣሁ፣ «ምዕራፍ ሁለት የመጨረሻ»፣ «ምዕራፍ ሁለት የመጨረሻ የታረመ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ» የሚሉ ፋይሎች በአንድ ፎልደር ውስጥ ተደርድረው አያለሁ። ባለቤቱ ራሱ የትኛው የቅርቡ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል፤ አማካሪው ያረመው አንዱ ላይ ሆኖ ተማሪው የቀጠለው ሌላው ላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል በስሙ መጀመሪያ ላይ በአኃዝ ካስገቡት ኮምፒዩተሩ በስም ሲደረድራቸው በጊዜም ተደርድረው ይገኛሉ። ዎርድ በየ10 ደቂቃው የሚያኖረው ማገገሚያ ቅጂም ፕሮግራሙ በድንገት ሲዘጋ የሚያግዝ እንጂ የሴቭን ቦታ የሚተካ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ አንቀጽ በጨረሱ ቁጥር ኮንትሮል እና ኤስን መጫን ይልመዱ።


ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተነገረኝ መንገድ ፎልደሮቹን አግኝቼ ሥራዎቹን ቀድቻቸዋለሁ፤ ሁሉም ይከፈታሉ። ስለ ማውረዱ የተጻፈውን ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የምፈልጋቸው ብዙ ጥናቶች ክፍያ ይጠይቃሉ፤ በዚህ የተነሣ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ቻትጂፒቲ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ጠይቀው የማጣቀሻ ዝርዝር ያወጣሉ። እኔ ከዚያ ዝርዝር የተወሰኑትን ፈልጌ አንዳቸውንም ማግኘት አልቻልኩም። ጥናቶቹ ለክፍያ የተዘጉ ስለሆኑ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?


መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ይህ ጥያቄ ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ በየጊዜው የሚቀርብልን በመሆኑ በጥንቃቄ ልመልስልዎ እፈልጋለሁ። ለክፍያ የተዘጋ ጥናት ሙሉው ጽሑፍ ባይገኝ እንኳ ርእሱ፣ ደራሲው፣ የወጣበት መጽሔትና አብዛኛውን ጊዜ አጽሕሮቱ በነፃ ይታያል። ርእሱ ራሱ በየትኛውም ማውጫ ላይ ካልተገኘ ጥናቱ ምናልባት ከነጭራሹ የለም። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ነው፤ በዚህም የተነሣ ትክክለኛ የሚመስል ርእስ፣ በዘርፉ የሚታወቅ ደራሲ ስምና እውነተኛ የመጽሔት ስም አገጣጥመው ያልተጻፈ ጥናት ሊያቀርቡ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ምንጩን ከነሊንኩ ያሳያሉ፤ ያም ሆኖ ሊንኩን ከፍቶ ማንበብ የተማሪው ግዴታ ነው። ያላነበቡትን ጥናት በማጣቀሻ መዘርዘር አማካሪን ማታለል ነው፤ ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት ቀን አንድ ፈታኝ ስለዚያ ጥናት ቢጠይቅ ተማሪው የሚመልሰው ነገር አይኖረውም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ለጥናት ጽሑፎች የሚሰጥ «ዲኦአይ» የሚባል መለያ ቁጥር አለ፤ በ10 እና በነጥብ ይጀምራል። ይህንን ቁጥር በዲኦአይ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡት ቀጥታ ወደ ጥናቱ ይወስድዎታል፤ ወደ ሌላ ጽሑፍ ከወሰደዎ ወይም አልተገኘም ካለ ማጣቀሻውን ይጠርጥሩት። አሮጌ መጻሕፍትና አንዳንድ መጽሔቶች ግን ይህ ቁጥር ስለሌላቸው ቁጥር አለመኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ያለ ክፍያና በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው ደግሞ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ብዙ ነው። በፊዚክስ፣ በሒሳብና በኮምፒዩተር ሳይንስ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው አርካይቭ፣ በሕክምናና በሥነ ሕይወት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ፐብሜድ ሴንትራል፣ በሁሉም ዘርፎች ነፃ መጽሔቶችን የሚዘረዝረው ዶአጅ ሙሉውን ጽሑፍ ያስገኛሉ። ጉግል ስኮላር ላይ ሲፈልጉ ከብዙዎቹ ውጤቶች ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የምትል ሊንክ አለች፤ አሳታሚው ዘንድ የተዘጋው ጥናት በደራሲው ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ በነፃ ተቀምጦ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በእርሷ በኩል ነው። ይህም ካልሆነ ለደራሲው አጭርና ጨዋ ኢሜይል ይጻፉ፤ ተመራማሪዎች ሥራቸው ሲነበብ ደስ ስለሚላቸው ብዙዎቹ ቅጂውን ይልካሉ።

ያወረዷቸውን ጥናቶች በአንድ ቦታ ለመያዝ ዞቴሮን ይጠቀሙ። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ፕሮግራም ሲሆን፣ ፒዲኤፉን ከደራሲው ስም፣ ከዓመቱና ከመጽሔቱ ጋር አያይዞ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ዎርድ ውስጥ ማጣቀሻ ሲያስገቡ መጨረሻ ላይ ያለውን ዝርዝር ራሱ ያዘጋጃል፤ አማካሪዎ የአጻጻፍ ሥርዓቱ ይቀየር ቢሉ ዝርዝሩን በእጅ ከመጻፍ ይልቅ በአንድ ምርጫ ይቀይሩታል። በኢንተርኔት ላይ የሚሰጠው ነፃ ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን ግን ይወቁት፤ ፒዲኤፎቹ ከዚያ ሲበልጡ በራስዎ ዲስክ ላይ ብቻ ቢቀመጡም ችግር የለውም፣ ፎልደሩን ከላይ በተነገረው መሠረት ወደ ሌላ ቦታ እስከቀዱት ድረስ።

ድረ ገጽ የሚጠቅሱ ከሆነም ገጹ ነገ ሊጠፋ ስለሚችል የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያከማቸው ዌይባክ ማሽን ላይ ያስመዝግቡት። አድራሻውን አስገብተው ገጹ እንዲቀመጥ ሲያዙ ቀኑን የያዘ ቋሚ ሊንክ ይሰጥዎታል፤ ያንን ሊንክ በማጣቀሻው ላይ ይጨምሩት።


ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ

ዞቴሮን ዛሬ እጭነዋለሁ፤ ስለ ዲኦአይ የተጻፈውንም ለክፍል ጓደኞቼ አካፍያለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር፦ በላፕቶፔ ላይ ያስተካከልኩት ገጽ በኮምፒዩተር ክፍሉ ሲከፈት ፊደሉ ይቀየራል፣ ሠንጠረዦቹ ይንሸራተታሉ፣ በማውጫው ላይ ያለው የገጽ ቁጥርም አይገጥምም። ለኅትመት የምሄደው ከዚያ ስለሆነ ምን ባደርግ ይሻላል?


መልስ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ምክንያቱ እርስዎ የተጠቀሙበት ፎንት (የፊደል ቅርጽ) በዚያኛው ኮምፒዩተር ላይ አለመጫኑ ነው። ዎርድ ፎንቱን ሲያጣ በሌላ ይተካዋል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮቹ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ፣ ገጹም ይንሸራተታል። ለኅትመትና ለማስረከብ የሚሄደውን ቅጂ በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩት፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታያል። ለአማካሪዎ በዎርድ መላክ ካለብዎት ደግሞ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ሥር ፎንቶችን ከፋይሉ ጋር የሚያያይዘውን ምልክት ያብሩ፤ ፈቃዳቸው ይህን የሚከለክል ፎንቶች ስላሉ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍተው ያረጋግጡ።

ማውጫውን በእጅ ጽፈውት ከሆነ የገጽ ቁጥሩ መቼም አይገጥምም። የምዕራፍና የንዑስ ምዕራፍ ርእሶችን «ሄዲንግ 1» እና «ሄዲንግ 2» በሚሉት ስታይሎች ይሰይሟቸው፤ ከዚያ «ሬፈረንስስ» በሚለው ሥር አውቶማቲክ ማውጫ ያስገቡ። ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ ማውጫው ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ጠቅ አድርገው «አፕዴት ፊልድ» ሲሉት ቁጥሮቹ ይስተካከላሉ። ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይሩት ይህንን ካደረጉ በኋላ ይሁን፤ ሲቀይሩ የተገኘውን ፒዲኤፍ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ ገልጠው ይዩትና ለማተሚያው የሚሄደው ፍላሽ ላይ እሱን ብቻ ያኑሩበት።